በቢጫው መስመር ውስጥ የተሰጣ ብቅል

ያን ቀን ጠዋት ብቅል እያገላበጥኩ ነበር። በኮባ ተሸፍኖ ከርሞ ጢሙን ያወጣ ገብስ ነው። ፀሐዩ የአጥሩን ጥግ ሲነካ ሸራዬን መንገዱ ዳር ዘርግቼ አሰጣሁት፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ፣ ጎንበስ ብዬ በመዳፌ እመልሰዋለሁ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ፈረስ ቢሆን ኮቴ አለው። ባጃጅ ቢሆን ከሩቅ ያጓራል። ይሄኛው ግን እንደ ድመት ነው የሚመጣው። ከጀርባዬ ሽው የሚል ነገር ሰማሁና ቀና ስል፣ አንድ ጎረምሳ በዚያ ቆመው በሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ነገር ላይ እንደ ሐውልት ተገትሮ፣ ብቅሌን መሃል ለመሃል ሰንጥቆት አለፈ። እባብ አቧራ ላይ እንደሄደ ያለ መስመር ትቶ ሄደ።

“ሚዳን እኮ ነው” ብዬ ጮህኩበት። እህል እኮ ነው ማለቴ ነው። ስናደድ አማርኛው ወደኋላ ይቀርና ኦሮምኛው ቀድሞኝ ይወጣል፤ እዚህ አምቦ ተወልዶ ያደገ ሁሉ እንደዚያ ነው።

ዞር ብሎ “ይቅርታ እማማ፣ ፍሬኑ አልያዘልኝም” አለ። አልቆመም ግን። ይቅርታውም አብሮት ቁልቁል እየተንሸራተተ ሄደ።

ገብሱ አይደለም ያንገበገበኝ። የደቀቀውን ለቅሜ ብጥል አንድ እፍኝ አይሞላም። እህል አይረገጥም፣ እሱ ነው ነገሩ። እኛ ልጆች ሆነን መሬት የወደቀ ፍሬ ካየን አንስተን ስመን ጥግ እናስቀምጥ ነበር። አውድማ ላይ እንኳን የሚረግጠው በሬው ነው፣ እሱም እግዜር ፈቅዶለት ነው። ሰው ግን እህል ላይ ጫማውን አያሳርፍም፤ ሰካራም እንኳን አያሳርፍም። የሰካራምን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጠላ ብቅል ሸጬ።

ይሄን የምትጽፊልኝ አንቺ ልጅ፣ ስኩተር ነው የሚባለው ያልሽውን እንደዚያው ጻፊው። አትሳቂ። አንቺም ወደ ትምህርት ቤትሽ እየተንጠለጠልሽበት እንደምትሄጂ ሰው ነግሮኛል።

ቦታውን ላስረዳ፣ የማያውቅ ሰው ያነበው እንደሆነ። ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት ጋ አንድ ዋርካ አለ። ከጥላው ሥር ድሮ የፈረስ ጋሪ ይቆም ነበር። ባሌ ጋሪ ነበረው። ከዳገቱ የተነሳ ጋሪው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚያደርጋት ድንጋይ ነበረችው፤ ጎማው አንድ ጎኗን አሽቶ አሽቶ እንደ ሞላላ ሳህን አድርጓት ነበር። በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ አስፋልት እንዳይረግጥ ብሎ ከለከለ። ፈረስ ያቆሽሻል ተባለ። ማንም ጠርቶ የጠየቀን የለም። ባሌ ፈረሱን ወደ ጉደር ወስዶ ሸጦ ሲመለስ ድንጋይቱን ብቻ ታቅፎ መጣ። ብዙም አልቆየ፣ እሱም ሄደ፤ ነፍሱን ይማር።

እኔም በዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እዚያው ዋርካ ሥር ብቅልና ጌሾ መቸርቸር ጀመርኩ። ሌሎችም ሴቶች መጡ፤ ጎረቤቴ ሽንኩርትና ቃሪያ ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ጉልት ሆነ። የጉልት ሕግ ደግሞ አንድ ነው። ድንጋይሽ ያለበት ቦታ የአንቺ ነው። ብትወልጂ፣ ብትታመሚ፣ ለቅሶ ብትሄጂ፣ ድንጋይሽ ይጠብቅልሻል። ማንም አይነካውም። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፤ በዚያ የብጥብጥ ዘመን መንገዱ ሁሉ በጎማና በድንጋይ ተዘግቶ ስንከርም፣ ከቤት ወጥተን ስንመለስ የየራሳችን ድንጋይ ባለበት ነበር።

ስኩተሮቹ የመጡት አምና ነው። ጎረምሶች በማኅበር ተደራጅተው ሊያከራዩ ነው ያመጧቸው። አለቃቸው የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፤ ድሮ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ባጃጅ አንዴ ይታገዳል፣ አንዴ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ደግሞ በታፔላ ሆነና የዚህ መስመር ባጃጅ ወደዚያ እንዳይሄድ ተባለ። እሱም ታከተው መሰለኝ ባጃጁን ሸጦ ወደዚህ ዞረ። እንጀራውን ፍለጋ ነው፣ እሱን አልከለክልም። ሲጀምሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ ኦቦ (አቶ እንደማለት) እያልን የምንጠራው፣ ከረባት አድርጎ መጥቶ ከተማችን ዘመነች አለ። ያጨበጨቡት የመጡበት መኪና ሾፌርና ተማሪዎቹ ናቸው።

እኔ ከድንጋዬ ላይ ሆኜ ስንቱን አየሁ። የሚነዱት ተማሪዎችና ቢሮ የሚረፍድባቸው ወጣቶች ናቸው። ባጃጅ እስኪሞላ መጠበቅ የሰለቸው ይይዘዋል። ባጃጁ መስመሬ አይደለም ብሎ መንገድ ላይ ያወረደው ይይዘዋል። ቁልቁለቱን ሁሉም ይወዳል። ዳገቱን ግን ማንም አይፈልገውም፤ ድልድዩ ጋ ጥለውት ይሄዳሉ፤ የማኅበሩ ልጆች እየገፉ ሲያወጡት ያልባቸዋል። ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ የነጂው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እዚህ ድረስ ይሰማል። ባለ ነጠላ ሴት አትሳፈርበትም፤ ጫፏ ጎማው ውስጥ ቢገባ ማን ያወጣታል። ሴት ልጅ ስትነዳ ደግሞ ባጃጅ ተራ ላይ ያሉት ያፏጫሉ፣ ስድብም ይጨምራሉ። እኔ እነሱንም ተሳድቤያለሁ። መብራት በጠፋ ቀን ባትሪው ስለማይሞላ ሁሉም ተደርድሮ ይቆማል። ያኔ አለቃውን “ፈረስህ ዛሬ ሳር አላገኘም?” እለው ነበር። እሱም አፉ አያርፍም፤ “እማማ፣ የኔ ፈረስ ቢያንስ ፋንድያ አይጥልም” ይለኛል። ከጥርሱ ነው የሚስቀው። እኔም እንደዚያው።

ክረምት አያወጡም ብዬ ነበር። አወጡ። በዝናብ ላስቲክ ለብሰው ሲነዱ አየሁ። እሱን ተሳስቻለሁ፣ ጻፊው።

ብቅሌ በተረገጠ ቀን ማታውን አይደለም፣ ወዲያው ነው አለቃው ጋ የሄድኩት። ከዋርካው ማዶ አንዷን ስኩተር ገልብጦ ጎማዋን እያጠበቀ ነበር።

“ልጅህ እህሌን ረገጠው” አልኩት።

“ልጄ አይደለም፣ ተከራይ ነው” አለ ቀና ሳይል። “እማማ፣ መንገድ ላይ እህል ለምን ያሰጣሉ? መንገድ እኮ የመሄጃ ነው።”

“እኔ መንገድ ዳር ነው ያሰጣሁት። አንተ እናትህ የት ነበር የምታሰጣው?”

“እናቴ ጓሮ አላት።”

“እንግዲያው እናትህን ጠይቃት፣ እህል የረገጠ ሰው ምን እንደሚባል።”

መፍቻውን መሬት ላይ ጣል አደረገ። “እናቴን ተዉአት። እርስዎ ይሄንን ነገር ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ጠልተውታል። የባልዎ ጋሪ ተከለከለና በኛ ነው የሚወጡት። ጋሪውን እኔ ነኝ የከለከልኩት?”

ጥዬው ሄድኩ። ለባጃጅ ነጂ፣ ያውም ባጃጁን ሸጦ ቀልቡ ለሌለው ሰው፣ ስለ ባሌ አላወራም።

ከዚያ ሁለት ነገር ተከታተለ። መጀመሪያ ስኩተሮቹ ሰው በራፍ ላይ እየተጣሉ፣ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተደናቅፈውባቸው ወደቁ። ከተማው ተንጫጫ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ መፍትሔ ብሎ፣ ስኩተር ከተፈቀደለት ማቆሚያ ውጭ አይቆምም አለ። ተከራይ ቢጫ መስመር ውስጥ አምጥቶ ካላቆመው እንዳልመለሰ ይቆጠርበታል። እሱ ጥሩ ነው። የቱ ጋ ነው ቢጫው ሲባል ግን ማንም አልነገረንም።

በሳምንቱ የእድራችን አባል ሞቶ ለቀብር ወጣን። የጉልት ሴቶች ሁላችንም የአንድ እድር ነን፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ባይኖር ሰው ያፍራል። እንደ ልማዳችን ድንጋዮቻችንን ትተን ሄድን። ስንመለስ ቢጫ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር፤ ይሸታል። ዋርካው ሥር፣ ሁላችን የምንቀመጥበት ዙሪያ ላይ ነው የተሰመረው። ድንጋዮቻችን የሉም።

ፈለግናቸው። ጎረቤቴ ናት ያገኘቻቸው። አስፋልቱና ኮብልስቶኑ የሚገናኙበት ጋ ጉድጓድ ነበረች፤ የስኩተር ጎማ እየዋጠች ብዙ ጎረምሳ ጥላለች። ድንጋዮቻችንን እዚያ ጨምረው ሲሚንቶ አፍስሰውባቸዋል። የኔዋ በጎኗ ተኝታለች፣ ያቺ የታሸ ጎኗ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዱ በስኩተሩ መጣና ላይዋ ላይ ሄደባት። ባሌ ጎማ ያቆመባት ድንጋይ፣ አሁን ጎማ ይሄድባታል።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ወንበር ሰጠኝ፣ አልተቀመጥኩም።

“እማማ፣ ባዶ ቦታ ነው ያገኘነው” አለ። “ሠራተኞቹ ሲሄዱ አንድም ሰው አልነበረም።”

“ቀብር ላይ ነበርን።”

“ይሄንን እኛ በምን እናውቃለን?”

“ድንጋዩ ይነግርህ ነበር። አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ፣ ድንጋይ ጉልት ላይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።”

“ድንጋይ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። በዚች ከተማ ድንጋይ መንገድ ላይ ስንት ነገር እንዳመጣ እርስዎ ያውቃሉ።” ድምፁን ቀነስ አደረገ። “ደግሞ አልጣልናችሁም። ከከብት ተራው ጀርባ ቦታ ተዘጋጅቶላችኋል።”

ከከብት ተራው ጀርባ ምን እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ። ጭቃና ዝንብ ነው። ለድግስ ብቅል የሚፈልግ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወርድ እግረ መንገዱን ከኔ ይገዛል እንጂ፣ እበት ረግጦ እኔን ፍለጋ አይመጣም። የኔም ጉልበት እዚያ አያደርሰኝም። ያ ዋርካ ከሄደ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ ማየት ነው የሚቀረኝ። ይሄንን ነገርኩት። እያዳመጠ ስልኩን ያያል።

“ተወስኗል እማማ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን። ከማለዳው ጀምሮ ተከራዮች ስኩተሮቹን አንድ ባንድ እየወሰዷቸው ቢጫው ባዶውን ቀረ። አየሁት። ኦቦ ባዶ ቦታ ነው ያገኘነው አላለም? እኔም ባዶ ቦታ አገኘሁ።

ቤቴ ውስጥ የነበረው ብቅል የጎረቤቴ ነበር። ባሏ ከሞተ ዓመቱ ሊሆን ነው፤ ለሙት ዓመቱ ጠላ ልትጠምቅ ገብሷን ሰጥታኝ እኔ አብቅዬላት፣ ለመድረቅ ጥቂት የፀሐይ ቀን ነበር የቀረው። የራሴ አልቆ ነበር። ጌሾ ላሰጣ እንዳልል ጌሾ ቅጠል ነው፤ ቅጠልን ሰው ይረግጠዋል። ማዳበሪያውን በጀርባዬ ተሸክሜ መጣሁ፤ ቦታውን በመጥረጊያ አጸዳሁና ማፍሰስ ስጀምር ጎረቤቴ ከመስመሩ ውጭ የዘረጋችውን ሽንኩርቷን ትታ ተነሳች።

“እትዬ፣ ያ የኔ አይደለም እንዴ?”

“ያንቺ ነው። ፀሐይ እንደሆነ እዚያም እዚህም ያው ፀሐይ ነው።”

“ሸራውስ?”

“ሸራ ካነጠፍኩ በአራት ማዕዘኑ ይዘው ጎትተው ያነሱታል። እንዲህ መሬት ላይ ከተበተነ ግን ማን ይነካዋል?”

እሺ አላለችም፣ እንቢም አላለችም። እኔ እሺ አለች ብዬ ወሰድኩት። ከቢጫው ጫፍ እስከ ቢጫው ጫፍ ስስ አድርጌ በተንኩት፤ እግር ማሳረፊያ አልተውኩም። ከዚያ ጥግ ላይ፣ ድንጋይ ስለሌለኝ የዘይት ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣችው ተማሪ ነች፣ ቦርሳ በጀርባዋ። ስኩተሯን ይዛ መስመሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

“እማማ፣ የት ላቁም?”

“ከቻልሽ ግቢና አቁሚ።”

አንድ እግሯን አነሳች። እህል መሆኑን አየች። እግሯን መልሳ አወረደች። “ኧረ እኔ አልችልም” አለችና ከመስመሩ ውጭ አስፋልቱ ጫፍ ላይ አቆመችው። ቀጥሎ የመጣውም እንደሷ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ትንሽ ቀበጥ ያለ ነበር፤ “ምን አገባኝ” ብሎ ጎማውን ሊያስገባ ሲል፣ ከኋላው ያለች የማያውቃት ሴት ክንዱን ያዘችውና “ቤትህ እህል የለም?” አለችው። እሱም ተወው። ስኩተሮቹ አስፋልቱ ላይ ተከመሩ። ተከራዮቹ ደግሞ መልሰናል አልመለሳችሁም እያሉ ከማኅበሩ ልጆች ጋር ይጨቃጨቃሉ።

አለቃው ሮጦ መጣ። ብቅሉን አየ፣ እኔን አየ።

“እማማ፣ ያንሱልኝ።”

“አንተ አንሳው። አጠገብህ ነው።”

ቆሞ አየው። እሱ ምንም ቢሆን የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ ተወው፤ በባዶ እግርም ያው መርገጥ ነው። “ይሄ ተንኮል ነው” አለኝ ዝቅ ብሎ። “እህሉን አጥር አደረጉት። ይሄስ ከመርገጥ በምን ይሻላል?”

“ድንጋዬን አምጣና አነሳዋለሁ።”

ኦቦ ተጠርቶ መጣ። ጫማው ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ቢጫው ጠርዝ ላይ ቆመ፤ የጫማው አፍንጫ አንዲት ፍሬ ሊነካ ሲል ወደኋላ ሳበው። ከዚያ መንገድ የምትጠርገውን ሴትዮ ጠርቶ “ይሄንን ጥረጊ” አላት።

ሴትየዋ መጥረጊያዋ ላይ ተደገፈች። “ኦቦ፣ እኔ የተቀጠርኩት ቆሻሻ ልጠርግ ነው። እህል አልጠርግም።”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ኦቦ ፊቱ ሲጠቁር ማየት ይበቃኝ ነበር። እንደዚያ ሆነን ተፋጠጥን። እነሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ መሃላችን ብቅል። ሰው ከገበያ እየተመለሰ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ እማማ በርቺ ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ አሮጊቷ አብዳለች ይላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ከቀትር በኋላ በደንዲ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የግንቦት ዝናብ ነው፤ አይታመንም። ነፋሱ መጣና የብቅሉን ገለባ ማንሳት ጀመረ።

አለቃው ሰማዩን አየ። ከማዶ ካለው ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ሄዶ እጁን አጣምሮ ቆመ። “እኔ አልነካውም ብያለሁ” አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። “ዝናቡ ይንካው።”

ጎረቤቴ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ መጣች። “እትዬ፣ እንሰብስበው። ቶሎ እንሰብስበው።”

“ካነሳሁት ስኩተሩ ይገባል። አንዴ ከገባ አይወጣም።”

“ነገ ታሰጪዋለሽ።”

“ነገ ባዶ ሆኖ አላገኘውም። እነሱ አንዴ ከያዙት ሁለተኛ ይለቁታል?”

“የባሌ ሙት ዓመት ነው እኮ” አለች። አልጮኸችም። ተንበርክካ ከጫፉ በእጇ መዛቅ ጀመረች። እኔ ከጀሪካኔ ተነሳሁና የእጇን አንጓ ያዝኩ። ሌሎቹም ሴቶች ሊያግዟት ጎንበስ ብለው ነበር፤ “ማንም እንዳይነካው” አልኳቸው። ቀና ቀና አሉ። ጎረቤቴ ተንበርክካ አየችኝ። እጇን ከእጄ አላስለቀቀችም፤ እስክለቃት ጠበቀች።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጠብታ ጠብታ ሆኖ አይደለም፣ እንደ ባልዲ ነው የተደፋው። ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ሥር ሮጠ። እኔ ጀሪካኔ ላይ ተመለስኩ። ነጠላዬን ራሴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ አየሁት። ብቅሉ መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ቢጫውን መስመር ተሻግሮ በኮብልስቶኑ ስንጥቅ ስንጥቅ እየገባ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ሁሉቃ ወረደ። ያን ጊዜ ሳይቀር አንድ ጎረምሳ ስኩተሩን ይዞ መጥቶ፣ ውኃ እየወረደበት፣ መስመሩ ጋ ቆመ። አልገባም። እርጥብም ቢሆን እህል ነው። አስፋልቱ ላይ ጥሎት ሮጠ።

በቆሎ የጫነ መኪና ከባኮ መስመር እየመጣ ነበር። በዚያ ዝናብ ምን ይታየዋል። ፍሬን ሲይዝ ተንሸራተተ፤ አስፋልቱ ላይ ከተከመሩት ስኩተሮች ሁለቱን እንደ ጉንዳን ጨፈለቃቸው። ሰው አልተነካም፣ እግዜር ይመስገን። ሾፌሩ ወርዶ በዝናቡ ውስጥ ያልተሳደበው የለም፤ መንገድ መሃል ይሄንን የተወው ማን ነው ይላል። አለቃው ቆርቆሮው ሥር እንደቆመ ነበር። እጁ ወረደ። ፊቱ ልክ ባሌ ፈረሱን ሸጦ የተመለሰ ቀን የነበረውን ፊት ይመስላል ብል አልዋሽም። ግን አላዘንኩለትም። ይሄንንም ጻፊ፣ አላዘንኩለትም። ዝናቡ ይንካው ያለው እሱ ነው።

ትራፊክ መጣ፣ ከላይም ሰው መጣ። ዳገት ላይ፣ አስፋልት ጠርዝ ላይ ማቆሚያ ማን ፈቀደ ተባለ። በሳምንቱ ማቆሚያው ወደ ታች፣ ድልድዩ ማዶ ባጃጅ ተራ አጠገብ ወዳለው ሜዳ ወረደ። እዚያ ቢጫ ቀቡ። የኛን ቢጫ ግን አላጠፉትም፤ እስካሁን አለ። እኛ እላዩ ላይ ነው የምንቀመጠው። ድንጋዬን ከሲሚንቶው አላወጡልኝም። ሌላ ድንጋይ ከወንዙ አመጡልኝ፤ አልለመድኳትም፣ ትወጋኛለች።

አለቃው ባለፈ ቁጥር ሰላም አይለኝም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲያልፍ “እህሏን ለጎርፍ ያበላች” አለ፣ እንዳልሰማ አስመስሎ፣ እንድሰማ አድርጎ። እኔም “ፈረስህን ለበቆሎ መኪና ያበላህ” አልኩት። እንደዚያ ነን። ይቅር በሉ ብለው አንድ ሁለት ሽማግሌ መጥተው ነበር። ድንጋዬ ስትመለስ እታረቃለሁ ብዬ ሰደድኳቸው።

የጎረቤቴን ገብስ ተክቼላታለሁ። ከራሴ የተሻለውን፣ ነጩን መርጬ ነው የሰጠኋት። ግን ብቅል በአንድ ቀን አይበቅልም። የባሏ ሙት ዓመት ደረሰ፤ ጠላ የለም። ለስላሳ በሳጥን አስመጣች። ከገጠር የመጡት የባሏ ዘመዶች ጠርሙሱን እጃቸው ላይ እያገላበጡ፣ ጠላውስ እያሉ በዓይናቸው ጓዳውን ሲያዩ እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። እሷ ለአንዳቸውም ምክንያቱን አልነገረችም።

በሙት ዓመቱ ማግስት ከጎኔ መጥታ ሽንኩርቷን ዘረገፈች። እንደ ወትሮው ነው የተቀመጠችው። ጌሾዬን እየደረደርኩ፣ “እንግዲህ ቦታችንን አስመለስን” አልኳት።

የደረቀውን የሽንኩርት ልጣጭ እየላጠች ወደ ቢጫው መስመር አየች።

“ቦታውስ ያንቺ ነው እትዬ፣ ተቀመጪበት” አለችኝ። “ያ ባለ ስኩተር ልጅ ፍሬን እንቢ ብሎት ነው ብቅልሽን የረገጠው። አንቺ እያየሽ ነው ለዝናብ የሰጠሽው፣ እጄንም ይዘሽ። ከእንግዲህ ብቅሌን ከጉደር ነው የማስመጣው።”